እግር መሬት ሳይነካ፤ ስለ ሞተር ብስክሌት አነዳድና አጠባበቅ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የስፖርት ዓይነት ነው። ንግግሬ ግን ለስፖርተኞች ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም የመንግሥት ሞተር ብስክሌት ተረክበው ከዳገት ወደ ቁልቁለት ለሚመላለሱ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ሞተሩን አስፈርመው ለሚያስረክቡ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በራሴ ስንፍና የደረሰውን ልናገር።

በ2006 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ በመካነ ሰላም አካባቢ በጽሕፈት ሥራ ላይ ነበርሁ። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ በስተምዕራብ ወደ ዓባይ በረሓ ትመለከታለች። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ወገን የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋም ወደ ቆላ ይደርሳል። አንድ ቀን ሞተር የሚነዳው ባልደረባችን ስለ ታመመ፣ የሕፃናት ክትባት የያዘውን የበረዶ ሣጥን ወደ አንድ ቆላ ቀበሌ እንዳደርስ ታዘዝሁ።

ከመነሣቴ በፊት የሞተሩ ካቴና መላላቱን በዐይኔ አይቼ ነበር። «ስመለስ አጠብቀዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ፣ በአንድ ወንዝ መሻገሪያ ሞተሩ በድንጋይ ላይ ሲነጥር ካቴናው ከጥርሱ ወጥቶ ተቀረቀረ። የኋላው ጎማ አልዞር አለ። እኔም የምፈታበት ቁልፍ አልያዝሁም ነበር። ሞተሩን ለአንድ ገበሬ አደራ ሰጥቼ ሣጥኑን በትከሻዬ ተሸክሜ በእግሬ ሄድሁ። ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። መድኃኒቱ አልተበላሸም፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ነገር ግን ከማለዳ ጀምረው ልጆቻቸውን አዝለው ሲጠብቁ የዋሉት እናቶች ወደየቤታቸው ተመልሰው ነበር። ከዛፉ ጥላ ሥር የቀሩት አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ምነው ዘገየህ? ከወንዝ ማዶ የመጡት እንግዲህ በቀላሉ አይመለሱም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በወደድሁ ነበር።

ካቴናውን ለማጥበቅ የሚፈጀው ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሞተር ብስክሌት አነዳድና አጠባበቅ የተጻፈውን ሁሉ እየፈለግሁ ማንበብ፣ መካኒኮችንም መጠየቅ ጀመርሁ። በዚህም ፍለጋ ላይ ነው በውጭ አገር «ትራያል» የሚባለውን ስፖርት ያገኘሁት፤ ትርጓሜው «ፈተና» ማለት ነው።

ይህ ስፖርት የፍጥነት ውድድር አይደለም። ተወዳዳሪው በድንጋይ፣ በጭቃ፣ በወንዝና በገደላማ ስፍራ በተከለለ አጭር መንገድ ላይ እግሩን መሬት ሳያስነካ ቀስ ብሎ ማለፍ አለበት። እግሩን አንድ ጊዜ ቢያስነካ አንድ የቅጣት ነጥብ፣ ሁለት ጊዜ ቢያስነካ ሁለት፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቢያስነካ ሦስት ነጥብ ይያዝበታል። ከወደቀ ወይም ከክልሉ ከወጣ ቅጣቱ አምስት ነው። በመጨረሻ አሸናፊ የሚሆነው አነስተኛ ነጥብ ያለው ነው። በስኮትላንድ የሚደረገው የስድስት ቀን ፈተና የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ሲሆን፣ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ከ1975 ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል። በ1965 ሳሚ ሚለር የተባለው የቤልፋስት ሰው ቡልታኮ በሚባል ቀላል የስፓኝ ሞተር የስኮትላንዱን ፈተና ባሸነፈ ጊዜ፣ በዚህ ሥራ ላይ ከብዙ ጉልበት ይልቅ ቀላልነትና ሚዛን እንደሚበልጡ ለብዙዎች ግልጽ ሆነ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ለእነዚያ ሰዎች ጨዋታ የሆነው መንገድ፣ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም፣ ከወግዲ እስከ ሳይንት ባለው አገር ለጤና ባለሙያውና ለእርሻ ሠራተኛው የዘወትር የሥራ መንገዱ ነው። እንግዲህ የጨዋታውን ጥበብ ለሥራችን ብንወስደው ምን ይከለክለናል?

የመጀመሪያው ጥበብ አቋቋም ነው። መንገዱ ሲከፋ ነጂው ከወንበሩ ተነሥቶ በእግር መርገጫው ላይ ይቆማል፤ ጉልበቱንና ክርኑን ጥቂት ያጥፋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ከሥሩ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፤ የሰውየው ክብደት ግን ጸንቶ ይቆያል። ዐይን የሚመለከተው ከጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ሳይሆን ወደፊት የሚሄዱበትን መንገድ ነው፤ ድንጋዩን ትኵር ብሎ የሚያይ ሰው ድንጋዩን ይመታዋል። ዳገት ሲወጡ ወደፊት ዘንበል ማለት፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይገባል። ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ይወርዱታል እንጂ ማርሹን ነጻ አድርጎ በፍሬን ብቻ መውረድ አደጋ ነው። መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለ ሲሆን ደግሞ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ክብደትን በገደሉ ወገን ባለው እግር ላይ መጣል ያስፈልጋል። ይህ ለጀማሪ የሚያስፈራ ቢመስልም ጎማው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው እርሱ ነው። ወንዝ ሲያጋጥም አስቀድሞ በእግር ገብቶ ጥልቀቱን መለካት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሞተሩን ውኃ አስጠጥቶ መቆም ነው።

ሁለተኛው ነገር ጎማ ነው። የትራያል ነጂዎች የጎማቸውን አየር እስከ 4 ወይም 5 ፓውንድ ድረስ ያወርዱታል፤ ጎማው ድንጋዩን እንደ እጅ እንዲጨብጥ ነው። እኛ ግን ይህን እንዳለ ልንቀዳው አይገባም። የእኛ ሞተር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዕቃም ይጫንበታል፤ በውስጡም ካላማዳሪ አለ። አየሩ ከመጠን በላይ ከጐደለ ካላማዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። በአስፋልት 30 ፓውንድ ያህል የሚሞላውን ጎማ በዋልካ ጭቃና በድንጋይ ላይ ወደ 18 ማውረድ ይበቃል። ወደ ደኅና መንገድ ሲመለሱም እንደገና መሙላት የግድ ነው፤ ስለዚህ የእጅ መንፊያ ከሞተሩ ተለይቶ መቅረት የለበትም።

ሦስተኛው የአየሩ ነገር ነው። በመካነ ሰላም ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሞተሩም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡራተር ያለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ቤንዚንም በከንቱ ያልቃል። ካንዴላው ወጥቶ ሲታይ መልኩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቁር ከሆነ መካኒኩ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለች ይለውጣታል። ነገር ግን ለደጋው ብቻ የተስተካከለ ሞተር ወደ ዓባይ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ስለሚያንሰው ከመጠን በላይ ሊግልና ፒስቶኑ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለውጡ ሞተሩ ዘወትር በሚሠራበት አገር ልክ ይሁን፤ ወደ ቆላ የወረደ ነጂም ነዳጁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ አይጋልብ።

አራተኛ፣ ሞተርን ለመንገዱ እንዲመች ስለ ማሻሻል ጥቂት ልበል። ለዳገት የሚሻለው ጉልበት እንጂ ፍጥነት አይደለም። ከፊት ያለው የካቴና መንጃ ጥርስ 15 ከሆነ በ14 ቢለወጥ፣ ከኋላ ሦስት ጥርስ ያህል እንደ መጨመር ነው፤ ሞተሩ ዳገቱን ሳያቃስት ይወጣል፤ በአስፋልት ላይ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። ማኑብሪው ጥቂት ከፍ ቢል ቆሞ ለሚነዳው ወገቡን ያድነዋል። ከሞተሩ ሆድ ሥር የሚታሰር የብረት ሰሌዳ ድንጋይ ይከላከላል፤ ይህንም በየከተማው ያሉ በያጆች ይሠሩታል። የፊቱ ፓራፋንጎም ከጎማው ራቅ ብሎ ቢታሰር የዋልካ ጭቃ ተጠቅጥቆ ጎማውን አያስቆመውም። ሆኖም ሞተሩ የመንግሥት ነውና፣ አንዳች ነገር ከመለወጡ በፊት ኀላፊውን ማስፈቀድ፣ የወጣውንም ዕቃ በንብረት ክፍል ማስመዝገብ ያሻል። መብራቱንና መስተዋቱን አውልቆ መጣል ግን ማሻሻል ሳይሆን ማጉደል ነው።

አምስተኛውና ዋነኛው የዘወትር ጥበቃ ነው። ካቴናው ከመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ የሚወዛወዘው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከዚያ ሲበልጥ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ራሱን ይበላል። ከጭቃ መንገድ ሲመለስ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በስሱ ዘይት ይነካል፤ በበጋ አቧራ ይህን የዘነጋ ሰው ሲሊንደሩን በአሸዋ እንደሚፍቅ ይቁጠረው። የሞተር ዘይት የፋብሪካው መጽሐፍ ያዘዘው ኪሎ ሜትር ሳያልፍ ይለወጥ። ብሎኖች፣ ራጂዎችና የፍሬን ሽቦዎች ሁልጊዜ ከመነሣት በፊት በእጅ ይዳሰሱ። ለዚህ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ዐሥር ደቂቃ የለኝም የሚል ሰው ግማሽ ቀን በወንዝ ዳር ይቀመጣል፤ ይህን ከእኔ ወዲያ የሚመሰክር የለም።

በመጨረሻ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በአንድ ወረዳ ከተማ ሞተር የሚነዱ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች በወር አንድ ጊዜ በእረፍት ቀናቸው በአንድ ባዶ ሜዳ ቢሰበሰቡና ማኅበር ቢያቆሙ ምን ይከብዳል? ድንጋይና ግንድ ደርድረው፣ ሁሉም ሄልሜትና ጠንካራ ጫማ አድርገው፣ እግር ሳያወርዱ ማለፍን እየተፈራረዱ ይለማመዱ። እንደ እቁብ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ መንፊያና የካላማዳሪ መለጠፊያ በጋራ ይግዙ። የሚያውቀው ለማያውቀው ያሳይ። ይህ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን በጨዋታው ሜዳ የተማረው ሰው በገደሉ አፋፍ ላይ አይደነግጥም። አባቶቻችንም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት የችኮላን ጉዳት አይተው ነው።

በሞተሩ መረካከቢያ ወረቀት ላይ የምንፈርመው ለብረቱና ለጎማው ብቻ አይደለም። በመንገዱ መጨረሻ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቀን ሰው አለ። እርሱ የካቴናውን መላላት አያውቅም፤ የሚያውቀው እኛ መድረሳችንን ወይም አለመድረሳችንን ነው። እኔ ከዘገየሁበት ቀን በኋላ በነበረው የክትባት ቀን ወደዚያው ቀበሌ ስመለስ ከወንዝ ማዶ የመጡት እናቶች ጥቂቶች ነበሩ። አሮጊቷ የተናገሩት እውነት ሆኖ አገኘሁት።