የገናው ካርቶን

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በበዓል ዝግጅት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድሩና ስለ ሒሳቡ ከእኛ በፊት የተናገሩት ወገኖች በሚገባ አስረድተውናል። ለእኛ ኮሚቴ የደረሰን ርእስ ቀለል ያለ ነው። በአዳራሻችን ዕቃ ቤት፣ ከድስቶቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጠው የገና ካርቶን ጥቂት እንድንናገር ታዘናል። ካርቶን እያልን እንጠራዋለን እንጂ ዛሬ ሦስት ሆኗል፤ አንድ የአሮጌ ቴሌቪዥን ካርቶን፣ አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮና አንድ እጀታው የወለቀ ሻንጣ። በውስጣቸው ያሉት የገና ዛፍ ጌጦች ናቸው። ከገበያ የገዛናቸው ጥቂት ናቸው። የሚበዛው በዚህ ከተማ ከእኛ ጋር ኖረው ወደ ሌላ አገር የሄዱ ቤተሰቦች ትተውልን የሄዱት ነው።

ናይሮቢ ለአንዳንዶቻችን ቤታችን ሆናለች፤ ለብዙ ወገኖቻችን ግን መንገድ ነበረች። በደርግ ዘመን የመጡ አሉ፤ በንግድና በሥራ የመጡም አሉ፤ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጡ በኋላ በሞያሌ በኩል የገባው ሕዝብ ደግሞ እጅግ ብዙ ነበር። ከሞያሌ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ሆነ እንጂ ያን ጊዜ በጭነት መኪና ላይ፣ ከከብት ጋር ተጭኖ፣ አቧራ እየጠጡ ነበር የሚመጣው። ከመጡትም ውስጥ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1992 በተከፈተው በካኩማ ካምፕ ዓመታት ቆጥረው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ተሻግረዋል።

ታዲያ የበረራው ቀን ሲደርስ ሻንጣው በኪሎ የተወሰነ ነው። ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲከብድ ምን ይቀነስ ይባላል። በርበሬና ሽሮ አይቀነሱም፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጀበናው ነገርም አይነሳም። የሚቀነሰው የገናው ጌጥ ነው። የሚጥለው ግን የለም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴም በመጨረሻው ቀን ማታ፣ ወደ ማኅበሩ ይመጣና «አደራ፣ እዚህ ይሁንልን» ይባላል። ካርቶኑ የሞላው እንዲህ ነው።

ምን ምን አለ? ጥቂቱን እንናገር። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን ብርማ ወረቀት አጥበው፣ በጥፍራቸው አለስልሰው፣ በሸምበቆ ላይ የለጠፉት ኮከብ አለ። እንዲህ ያለውን ኮከብ አዲስ አበባ ያደግን ሁሉ ሠርተነዋል። ከሙዝ ልጥ የተሠራች መልአክ አለች፤ እርሷ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ አንድ ክንፏን አይጥ በልቶባታል፤ ነገር ግን አሁንም ከዛፉ መካከል ላይ ነው የምትሰቀለው። ከዶቃ የተሠራ ቀይና ነጭ ኮከብ አለ፤ እርሱን የሰጠችን ጎረቤታችን የነበረች ኬንያዊት እናት ናት። በክር የተሰኩ የገና ፖስት ካርዶች አሉ፤ ከአስመራ፣ ከሮም፣ ከዋሽንግተን የተላኩ፣ ቀለማቸው የለቀቀ። የጥጥ ጥቅል አለ፤ በረዶ አይተን የማናውቅ ሰዎች በዛፍ ላይ በረዶ የምናደርገው በእርሱ ነበር። ከወይራ የተጠረበች፣ ስንዝር የማትሞላ የገና ዱላም አለች፤ ሩሯ ጠፍታለች። ይህችን የሠራው አባት ዛፉን ሲያይ «የኛ ገና እኮ ሜዳ ላይ ነው» ብሎ እንደ ሰቀላት የሚያስታውሱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ።

የመብራቱ ገመድ ለብቻው ታሪክ አለው። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ሶኬቱ ሁለት ክብ ጥርስ ነው። የኬንያ ግድግዳ ደግሞ ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ካልሆነ አይቀበልም። ስለዚህ በመካከል አስማሚ ያስፈልገዋል፤ አስማሚውም በየዓመቱ ይጠፋል። አንዷ አምፖል ከተቃጠለች መላው ገመድ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዷ ወደ ቀጣይዋ ስለሚሄድ ነው። አባቶቻችን በገና ዋዜማ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ አንዲት ደህና አምፖል በእጃቸው ይዘው፣ ከጫፍ ጀምረው እየቀያየሩ ሲፈትኑ ያላየ ልጅ በመካከላችን የለም። መጨረሻ ላይ ብልጭ ሲል እልልታው ይቀልጣል። አሁን ግን ያን ገመድ አናበራውም። የድሮዎቹ አምፖሎች ይግላሉ፤ ጥጥና ደረቅ ቅጠል አጠገብ ሲሆኑ አደገኛ ናቸው። ዛፉን የምናበራው በዘመናዊዎቹ፣ በማይግሉት መብራቶች ነው፤ አሮጌውን ሳናበራ ከሥር እናዞረዋለን።

እዚህ ላይ የአንዳንድ አባቶቻችንን ቅሬታ ማለፍ አይገባም። «ዛፍ ማስጌጥ የፈረንጅ ነው፤ ለገና ምን ያደርጋል?» ይሉናል። ከፈረንጅ መምጣቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1605 በስትራስቡርግ ሰዎች በየቤታቸው ጥድ አቁመው የወረቀት ጽጌረዳና ፖም ይሰቅሉበት እንደ ነበር ተጽፎ ይገኛል። የእኛ ገና ጾሙ ነው፣ ማሕሌቱ ነው፣ ነጭ ልብሱ ነው፣ በወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ነው። ላሊበላ ላይ በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ያየ ሰው ብልጭልጭ አያምረውም። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ነገር ግን በኮሚቴያችን አስተያየት ካርቶኑ ውስጥ ያለው ነገር ፈረንጅነቱ ካለቀ ቆይቷል። የሲጋራ ወረቀትና የወይራ ዱላ የተሰቀለበትን ዛፍ ስትራስቡርግ ብንወስደው የእኔ ነው የሚለው አይገኝም።

ደግሞም እዚህ አገር ገና ሁለት ጊዜ ነው። ጎረቤቶቻችን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ሲያከብሩ በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ገና ኅዳር 15 በገባው ጾም ውስጥ ነን። ጎረቤት አክብሮ ይጠራናል፤ ኒያማ ቾማው ይቀርባል፤ እኛ ሥጋውን ትተን ቻፓቲውን እንበላለን። የእኛ ሲደርስ፣ ታኅሣሥ 29 (ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28)፣ በእነርሱ ጃንዋሪ 7 ነው፤ ሥራ አለ፣ ብዙ ጊዜም ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ልጆቻችን «ጌታ ስንት ጊዜ ነው የተወለደው?» ብለው የጠየቁን በዚህ ምክንያት ነው። መልሳችን የቀን አቆጣጠር ትምህርት ሆኖ ያርፋል፤ ልጆቹም ከመካከሉ ይነሳሉ።

ዛፉም በሁለቱ ገናዎች መካከል ይቸገራል። በዲሴምበር መንገድ ዳር የሚሸጠው የፈረንጅ ጥድ ለጎረቤቶቻችን በዓል ከተቆረጠ በእኛው ዕለት ቡናማ ሆኖ ይረግፋል። በሌላ በኩል ከዲሴምበር 25 በኋላ ዛፍ ፈላጊ ስለሌለ የተረፈው በርካሽ ይገኛል፤ ኮሚቴያችን ይህን ምሥጢር ለብዙ ዓመታት ተጠቅሞበታል። አሁን የፕላስቲክ ዛፍ አለን፤ መዓዛ ግን የለውም። እናቶች ዕጣን ሲያጨሱ ትንሽ ይካካሳል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከካናዳ መልእክት ደረሰን። የላከችው በልጅነቷ ከዚህ የሄደች፣ ዛሬ እናት የሆነች ልጃችን ናት። የምትጠይቀው አባቷ በካኩማ ሳሉ የሠሩትን ኮከብ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ በጀርባው የቆርቆሮው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። አባቷ አርፈዋል። ከእጃቸው ሥራ የቀረው እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ጻፈችልን።

በዚህ ጉዳይ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል። የተከራከርነው ሰው ጨክኖ አይደለም። ያ ኮከብ በዛፋችን ጫፍ ላይ የሚሰቀል ነው፤ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ገና ሲባል የሚስሉት እርሱን ነው። «ለአንዱ ከመለስን ለሁሉም ልንመልስ ነው፤ ካርቶኑ ባዶ ይቀራል» ያሉ ነበሩ። «ማኅበሩ ለጠበቀው ማኅበሩ ባለቤት ነው» ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት እናታችን «አደራ ብለው ነው የሰጡን፤ ስጦታ አላሉም» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም። ኮከቡ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ወደዚያ በሚሄድ ሰው የእጅ ሻንጣ ተላከ። ሻንጣ ውስጥ አይጨመርም ብለን አጥብቀን አስጠንቅቀን ነበር። ደረሰ፤ ፎቶግራፉንም አይተነዋል። መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤ ከበስተጀርባው በረዶ አለ፤ የጥጥ ያልሆነ።

በዚያ ዓመት የዛፉ ጫፍ ባዶ ነበር። ልጆቹ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። በቀጣዩ ዓመት እነርሱ ራሳቸው ከቆርቆሮ አንድ ቆርጠው አመጡ፤ አንዱ ጎኑ ጠማማ ነው።

ወሬው ሲሰማ ሌሎችም መጻፍ ጀመሩ። እኛም ካርቶኑን አውጥተን የማን ምን እንደ ሆነ ለመለየት ተቀመጥን። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየን። ጌጦቹ ሲመጡ ሁሉም ሁሉን ያውቅ ስለ ነበር ስም የጻፈ የለም። ያውቁ ከነበሩት ውስጥ ግማሾቹ ሄደዋል፤ ሌሎቹን ቀብረናቸዋል። በእንቁላል መያዣ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ሰማያዊ የብርጭቆ ኳስ አለች፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳች ናት። ያን ሁሉ መንገድ ሳትሰበር እንዴት እንደ መጣች ያስደንቃል። ማን እንዳመጣት ግን በመካከላችን የሚናገር አላገኘንም። ሁለት ቤተሰቦች «የእኛ ትመስለናለች» ብለዋል፤ እርግጠኛ የሆነ የለም።

ስለዚህ ለዚህ ኢዮቤልዩ ኮሚቴያችን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዛሬው ዕለት ሦስቱንም ካርቶኖች አውጥተን በአዳራሹ በስተግራ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተናቸዋል። ከእያንዳንዱ ጌጥ ጋር ባዶ የወረቀት መለያ በክር ታስሯል። የምታውቁትን ጻፉበት፤ ማን እንደ ሠራው፣ ከየት እንደ መጣ፣ ቤተሰቡ ዛሬ የት እንዳለ። ረጅም መሆን የለበትም። «የዚያች የኢስሊዋ ባለ ሱቅ» ብላችሁ ብትጽፉም ይበቃናል፤ ከዚያ እኛ እንጠያይቃለን። መጻፍ ለሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች ወጣቶቻችን አጠገባቸው ተቀምጠው ይጽፉላቸዋል። አባቶች፣ ልጆቹ ሲጠይቋችሁ «ተወው፣ ይሄ ምን ይጠየቃል» አትበሏቸው፤ እባካችሁ።

ቤታችሁ ያለውንም እንዲሁ አድርጉ። ስለ አቀማመጡ ሁለት ነገር ብቻ እንጨምር። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2017 ወዲህ እዚህ አገር ፌስታል ስለ ተከለከለ እኛ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ መጠቅለል ጀምረናል፤ ከፌስታሉም ይሻላል፣ እርጥበት አይቋጥርም። ሁለተኛ፣ ከላይ እንጂ ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ የመልአኳን ክንፍ አስታውሱ።

ሰማያዊዋን ኳስ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ለማየት የምትፈልጉ፣ ከመያዣዋ የሚያወጣት የኮሚቴው አባል ብቻ ስለ ሆነ ጥሩን። የእንቁላል መያዣ ቤታችሁ ካለም አትጣሉ፣ አምጡልን። ቡናው ተቆልቷል፤ እስኪፈላ ድረስ ጠረጴዛው ክፍት ነው፤ እስክሪብቶም አለ።