እንሰት ሲጠወልግ ማን ይጠየቃል?

(ዳምቦያ ላይ ለገበሬዎች፣ ለመምህራንና ለግብርና ሠራተኞች ከቀረበ ንግግር)



አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ ብዕር እንጂ ሞፈር ጨብጬ የማድር ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ እዚህ የቆምኩት በቆሎ መቼ እንደሚዘራ፣ እንሰት እንዴት እንደሚተከል ልነግራችሁ አይደለም። ይህን የሚነግራችሁማ መች ጠፍቶ! ከአዲስ አበባም፣ ከሆሳዕናም፣ ከዱራሜም እየመጣ «እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አታድርጉ» የሚል ሞልቷል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን እናንተን ማን ጠየቃችሁ?

የአየር ንብረት መለወጡን ለዳምቦያ ገበሬ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሳይንሱ የሚለውን ባጭሩ ላስታውስ። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጨምሯል። ቁጥሩ ሲሰሙት ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ሙቀት ሲጨምር እርጥበት ከአፈር ቶሎ ይተናል፣ የቆላው ተባይ ሽቅብ ወደ ወይና ደጋው ይወጣል። በየካቲት የሚጠበቀው በልግ ዘግይቶ ሲመጣ ወይም ጭራሽ ሲቀር፣ እስከ መኸር ቤተሰብ የሚያሻግረው ስኳር ድንችና ቦሎቄ አብሮ ይቀራል።

የ2000 ዓ.ም.ን ነገር እናንተ አትረሱትም። በልጉ ቀረ። ከምባታ፣ ሀዲያና ወላይታ በረሃብ ተመቱ። ዝናቡ ዘግይቶ ስለመጣ ሜዳው ለምልሞ ነበር፤ የሚበላ ግን አልነበረም። ከመኪና መስኮት አሻግሮ የሚያይ እንግዳ «ይህ ሁሉ ልምላሜ ባለበት ምን ረሃብ አለ?» ይል ነበር። «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውም ለዚህ ነው። በሰኔ 2000 ዓ.ም. አስቸኳይ እርዳታ ይሻል የተባለው የአገሪቱ ሕዝብ 4.6 ሚሊዮን ነበር፤ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ቁጥሩ 6.4 ሚሊዮን ደረሰ።

እንዲህ ያለው ክፉ ቀን ሲመጣ የከምባታና የሀዲያ ቤት መጠጊያው ምንድን ነው? እንሰት ነው። እንሰት እንደ በቆሎ የአንድ ወር ዝናብ ስለቀረ አይሞትም። ጓሮ ቆሞ ዓመታት ይጠብቃል፤ ሲቸግር ይፋቃል፤ ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ይሆናል። ታዲያ ይህ የቤት ባንክ ዛሬ በሁለት በኩል እየተዘረፈ ነው። በአንድ በኩል ዝናብ በከዳ ቁጥር ያልደረሰው እንሰት ያለ ጊዜው ይቆረጣል። በሌላ በኩል አጠውልግ በሽታ አለ።

የዚህን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ለይተው ያሳወቁት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ በሉ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል! መድኃኒት የለውም። መከላከያው ግን ይታወቃል። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና መቅበር፣ የቆረጡበትን ቢላዋ በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አለመውሰድ፣ ከብት የታመመውን በልቶ ወደ ጤነኛው እንዳይሄድ መጠበቅ። ይኸው ነው። ታዲያ መላው ከታወቀ በሽታው ለምን አልጠፋም?

መልሱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ገበሬ ጓሮውን ቢያጸዳ፣ ጎረቤቱ ካላጸዳ ልፋቱ ከንቱ ነው። ቢላዋው ከቤት ቤት ይዞራል። ከብቱ አጥር ይዘላል። ችግኙ ከገበያ ይመጣል። ስለዚህ በሽታው የሚጠፋው መንደሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲስማማ ብቻ ነው። ስምምነት ደግሞ በትዕዛዝ አይመጣም። ሌላም ጉድ አለ። እንሰት የሚፍቁት፣ ቢላዋውን የሚይዙት፣ የትኛው ዝርያ እንደሚቋቋምና የትኛው ቶሎ እንደሚጠወልግ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። ወደ ስልጠና የሚጠራው ግን ማን ነው? አባወራው! አበሉን ተቀብሎ፣ ፈርሞ ይመለሳል። ቢላዋው እዚያው እንደነበረ ነው።

ይህ የአሠራር ችግር ትናንት የተጀመረ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ለጎረቤታችን ወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ደርግ የራሱን ይዞ መጣ። ኢሕአዴግም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ዘርና ማዳበሪያ በብድር የሚሰጥበትን የኤክስቴንሽን ፓኬጅ አመጣ። ሁሉም በየፊናው የሠራው በጎ ነገር የለም አልልም። የአሠራሩ መንገድ ግን አንድ ነው፦ ዕውቀት ከላይ፣ መታዘዝ ከታች፣ ኪሳራው ለገበሬው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በዝቶ ዋጋው ሲወድቅ የማዳበሪያ ዕዳውን ማን ከፈለ? ፓኬጁን ያዘዘው ሹም አይደለም፤ ገበሬው ነው። ወዲያው ድርቅ ተከተለና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ እጁን ዘረጋ።

ቀጥሎ «የልማት ሠራዊት» እና «አንድ ለአምስት» መጣ። ስሙን ስትሰሙት ጎረቤት ከጎረቤት የሚማማርበት ይመስላል። በተግባር ግን ከመማማሪያነቱ ይልቅ የሪፖርት ማሰባሰቢያና የፖለቲካ መቆጣጠሪያ ሆኗል ተብሎ በሰፊው ተወቅሷል። ሠራዊት ይታዘዛል እንጂ ይመክራል እንዴ? በቡድን መሪው ፊት «ያመጣችሁት ዘር አልበቀለልኝም» ለማለት የማይደፍር ገበሬ ምን ያስተምራል? ምንስ ይማራል?

«ታዲያ አማራጩ ምንድን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አማራጩን ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ በከምባታ ምድር ተሠርቶ ታይቷል።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከአሜሪካ ተመልሳ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ከእህቷ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ገዚማን ስታቋቁም፣ ዋና ዓላማዋ የሴቶችን ስቃይ ማስቆም ነበር። ነገር ግን ማስተማር ከመጀመሯ በፊት ሕዝቡን ጠየቀች። ሕዝቡ ድልድይ ነው የሚያስፈልገን አለ። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የተጀመረው። ሽማግሌውና ወጣቱ፣ ሴቱና ወንዱ፣ የሃይማኖት አባቱ ሳይቀር አንድ ላይ እየተቀመጡ ስለ ግርዛት በግልጽ ተነጋገሩ። ማንም መጥቶ «ከነገ ጀምሮ ክልክል ነው» አላለም። ራሳቸው አነሱት፣ ራሳቸው ተከራከሩበት፣ ራሳቸው ወሰኑ። ዕድሮችም ውሳኔውን ደንባቸው አደረጉት። በ1995 ዓ.ም. አንዲት የዚህ አገር ልጅ አለመገረዟንና ሌሎችም ከእሷ እንዲማሩ የሚናገር ጽሑፍ አንጠልጥላ በአደባባይ ተዳረች። ሙሽራውም ደስታውን እንዲሁ በጽሑፍ ገለጸ። ሕዝቡ ሁሉ ማለት ይቻላል ይደግፈው የነበረው ልማድ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደጋፊው ከመቶ 5 ሰው እንኳ የማይሞላ ሆነ። ልብ አድርጉ፤ ግርዛትን በግልጽ የሚቀጣው የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1997 ዓ.ም. ነው። ውይይቱ ሕጉን ቀድሞታል!

ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አርፋለች። የሠራችበት መንገድ ግን አልሞተም። የስንት ዘመን ልማድ በውይይት ከተለወጠ፣ የቢላዋ አያያዝ እንዴት አይለወጥም? የበልግ ዘር አዘራር እንዴት አይለወጥም?

የውጪውን ተሞክሮም ካነሳን፣ ኢንዶኔዥያ በ1989 እ.ኤ.አ. የገበሬ የማሳ ትምህርት ቤት ጀመረች። የሩዝ ገበሬዎች በየሳምንቱ ማሳ ዳር ይሰበሰባሉ። የትኛው ነፍሳት ጠላት፣ የትኛው ወዳጅ እንደሆነ ራሳቸው ይመለከታሉ፣ በወረቀት ይስላሉ፣ ይከራከራሉ፣ መድኃኒት ይረጭ ወይስ አይረጭ የሚለውን ይወስናሉ። ባለሙያው ጥያቄ ይጠይቃል እንጂ መልስ አያድልም። ዘዴው ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ።

እንግዲህ ለዳምቦያ የምለው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ በየመንደሩ ስለ ዝናቡና ስለ እንሰቱ ቋሚ ውይይት ይኑር፤ እናቶችም ጥግ ይዘው የሚያዳምጡ ሳይሆኑ ፊት ተቀምጠው የሚናገሩ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ አዲስ ዘር ሲመጣ ሁሉም ሰው ላይ አይጫን። ጥቂት ፈቃደኞች በትንሽ መሬት፣ ከቀድሞው ዘር ጎን ለጎን ይሞክሩት፤ መንደሩ መጥቶ ይየው፤ ያልሰራውም ያለ ሐፍረት ይነገር። በሽታውን በመቋቋም የሚታወቀው የወላይታው ማዚያ የሚባል እንሰት እንኳ በእናንተ አፈር ላይ እንዲህ ይፈተን። ሦስተኛ፣ ዕድሮች ስለ ቢላዋና ስለታመመ እንሰት የራሳቸውን ደንብ ያውጡ። የቀብር ሥርዓት ደንብ ካለው የእንሰት በሽታ ለምን ደንብ አይኖረውም? አራተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ የዝናብ መለኪያ ይተከል፤ ተማሪዎች በየቀኑ ይመዝግቡ፤ መዝገቡ በዕድር ስብሰባ ይነበብ። ያን ጊዜ «በልጉ ዘገየ» የሚለው ነገር የገበሬ ወሬ ነው ተብሎ አይጣልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስብሰባና ውይይት ለየቅል ናቸው። ስብሰባ ላይ ውሳኔው አስቀድሞ በሹሙ ኪስ ውስጥ ነው፤ የቀረው ጭብጨባው ነው። ውይይት ግን የወጣው ውሳኔ ሹሙን ደስ ባያሰኘውም የሚከበርበት ነው። እዚህ ያላችሁ የግብርና ሠራተኞች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ገበሬው ያላችሁን እንዳትጽፉ፣ የታዘዛችሁትን ቁጥር እንድትሞሉ የምትገደዱት እናንተ ናችሁና። የልማት ሠራተኛ የሚመዘነው ባሰራጨው ማዳበሪያ ኩንታል ሳይሆን ከገበሬው ተምሮ ወደ ላይ ባደረሰው ዕውቀት ቢሆን ኖሮ ስንቱ ነገር በተቃና!

መንግሥትም ቢሆን «ሕዝቡ ራሱ ይወያይና ይወጣው» ብሎ እጁን ማጠብ አይችልም። ወሬ ብቻውን ጎተራ አይሞላም። መንገዱ፣ ምርምሩ፣ ብድሩ፣ በክፉ ቀን የሚደርሰው እህል የመንግሥት ግዴታ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳው ሰው ሎሚውን ለመያዝ ዝግጁ ነው፤ ሎሚውን ሰብስቦ የያዘው ወገን እጁን ይፍታ።

በአማርኛችን «መጠየቅ» ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ ምክር መሻት፣ ሌላው ተጠያቂ ማድረግ። እስከ ዛሬ እንሰት ሲጠወልግ፣ በልግ ሲቀር፣ ገበሬው «ሰነፍ ነው፣ ኋላ ቀር ነው» እየተባለ በሁለተኛው ፍቺ ብቻ ተጠይቋል። ከእንግዲህ በመጀመሪያው ይጠየቅ። በሁለተኛው ደግሞ ሳይጠይቁ ያዘዙት ይጠየቁ።