ጋዙስ ለማን? ውኃውስ ለማን?

(ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ በአንድ የውይይት ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የነዳጅ ሊቅም አይደለሁም። ማስታወሻ ደብተር ይዤ ሰው እየጠየቅሁ የምጽፍ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር፤ ከእናቴ ማጀት።

እናቴ እዚሁ አዲስ አበባ ትኖራለች። ቤቷ ቆጣሪ አለው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም አላት። እንጀራ የምትጋግረው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ነው። ቀን መብራቱ ምጣዱን አይችልም፤ ቢችልም መቼ ድርግም እንደሚል አይታወቅም። ሊጥ ተቦክቶ፣ ምጣዱ ሰምቶ መብራት ቢሄድ ሊጡ ምን ይሁን? ስለዚህ ከምጣዱ አጠገብ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ሁልጊዜ ቆሟል። «ለክፉ ቀን» ትለዋለች። ክፉ ቀን ማለት ግን በሳምንት ሦስቴ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ይህች ሴት የምትኖረው የአፍሪካ ትልቁ የውኃ ኃይል ማመንጫ ባለበት አገር ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ ተነገረን። ከደመወዝ እየተቆረጠ፣ ቦንድ እየተገዛ የተሠራ ግድብ ነው። እኔም ገዝቻለሁ፤ አልቆጭም። ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ይወጣዋል ተባለ። ውኃውም ጋዙም በአንድ ወር ተመረቁልን ማለት ነው። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። የእናቴ ከሰል ግን ካለበት አልተነቃነቀም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይህ ነው!

ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሜ፣ «ግድብ፣ ነፋስና ፀሐይ እያለን ጋዝ ቆፍረን አየር ማቆሸሽ ምን አመጣው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ። ሌላው ደግሞ፣ «ፈረንጆች በከሰልና በነዳጅ ከበለፀጉ በኋላ እኛን ተው ሊሉን አይችሉም፤ ያለንን አውጥተን እንሽጥ» አሉ። ሁለቱንም አከብራለሁ። ግን ሁለቱም ጎደሎ ናቸው። ለምን? ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ውኃው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ዝናብ ሲከዳስ? በ2001 ዓ.ም. ፈረቃ መጥቶ ፋብሪካ ሥራ ሲፈታ፣ ጸጉር ቤት በሻማ ሲሠራ አይተናል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊቤ ሦስት ውኃ ጎደለ ተብሎ እንደገና ፈረቃ ገባን። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ነበር የተባለው! እንግዲህ ሁሉንም እንቁላል በአንድ ቅርጫት ማለት ይህ አይደለም እንዴ? ዛሬ ሕዳሴ ስላለን ድርቅ አይነካንም የሚል ሰው ካለ ሰማይን ያዘዘው እሱ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ስለ ጋዙ። ካሉብ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው ያገኘው። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ቆፈሩ። በኢሕአዴግ ጊዜ ቻይናዎች ገቡ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. «ድፍድፍ ነዳጅ ወጣ» ተብሎ በቴሌቪዥን ጨፈርን። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት የዚያኑ ኩባንያ ፈቃድ ሰረዝሁ አለ። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ጋዙ መሬት ውስጥ ተኝቶ እኛ በተስፋ ኖርን። የተከፈለው ዋጋ ግን ተስፋ ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ በአንድ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በተጣለ ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው የወረደውን የወታደር ዘመቻና የሲቪሉን ስቃይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን ሳያነሱ ስለ ጋዝ መናገር ነውር ነው።

«አውጥተን እንሽጥ» ለሚሉት ናይጄሪያን ላስታውስ። ከኛ በፊት አሥርት ዓመታት ነዳጅ ሸጣለች። የኒጀር ዴልታ ሰው ግን ወንዙ በዘይት ተበከለበት፤ ጄኔሬተር የሌለው በጨለማ ያድራል። «ድርሻችን የታለ? መሬታችንስ?» ብሎ የጮኸው ጸሐፊው ኬን ሳሮ ዊዋ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1995 ከስምንት ጓዶቹ ጋር ተሰቀለ። ሸጦ መብላት ለማን እንደሚበጅ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኛላችሁ። የኔ ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ጋዙ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ይታወቅ። የካሉብ ጋዝ ሜቴን ነው፤ ሱቅ የምንገዛው የሲሊንደር ጋዝ አይደለም። ወይ ቧንቧ ወይ በጣም የቀዘቀዘ ታንክ ይፈልጋል። ስለዚህ ነገ እናቴ ማጀት ይገባል ብሎ የሚነግረን ካለ ይዋሻል። ግን ማዳበሪያ ይሆናል። ለጎዴው የዩሪያ ፋብሪካ፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ያመርታል ለተባለው፣ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። በየክረምቱ ማዳበሪያ ዘገየ፣ ተወደደ እያለ ለሚያለቅሰው ገበሬ ይህ ቀልድ አይደለም። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ዛሬ የሚያነዱት የድንጋይ ከሰል ነው፤ ጋዝ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን የከሰሉን ግማሽ ያህል ነው። በድርቅ ዓመት ደግሞ ግድቡ ሲጎድል የሚነሳ የጋዝ ማመንጫ ቢኖረን ፈረቃ ባልገባን ነበር። ጋዙ ለነዚህ ይዋል፤ ለሌላው አይባክን። እያፈሰሱ መሥራትም አይቻልም፤ ሜቴን ሳይነድ ካመለጠ በሃያ ዓመት ሒሳብ አየሩን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ያህል ያሞቃል።

ሁለተኛ፣ የጋዙ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ በሕግ ይታሰር። ከበጀቱ ባሕር ውስጥ ከገባ አናየውም። ለሽቦ፣ ለትራንስፎርመር፣ ለነፋስና ለእንፋሎት ይዋል። የበጋ ነፋስ የሚበረታው ግድቡ በሚጎድልበት ወራት ነው፤ አሸጎዳና አዳማ ያሉት ማማዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። የስምጥ ሸለቆው እንፋሎትማ ዝናብም አይጠብቅ፣ ነፋስም አይጠብቅ። ግን አሉቶ ላንጋኖ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በ7.3 ሜጋ ዋት ሲጀመር ብዙ ተወራ፤ ብዙም ሳይቆይ ተበላሽቶ ቆመ። ጅምር እንጂ ፍጻሜ የለንም!

ሦስተኛ፣ ከመሸጥ በፊት ማዳረስ ይቅደም። ለጂቡቲ፣ ለሱዳን፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህም ለኬንያ ኃይል ሸጠናል። ኮምፒውተር ደርድረው ቢትኮይን ለሚፈለፍሉ ኩባንያዎችም ሸጠናል። ዶላር ያስፈልገናል፣ እሺ። ግን ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም የሚያድረው በኩራዝና በባትሪ ነው። የእንጦጦ እናቶች ጀርባ ዛሬም የሚጎብጠው በባሕር ዛፍ ሸክም ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አይገባም ተባለ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ነዳጅ በቦቴ ከጂቡቲ እያመጡ መኖር ያደቅቃል። ግን ምጣድ ያልቻለው የሰፈር ትራንስፎርመር መኪና እንዴት ይችላል? ለመሆኑ ይህን የጠየቀ ባለሥልጣን አለ?

አራተኛ፣ የካሉብ ሰው ይጠየቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 የጋዝ ገቢ ግብር የፌዴራሉም የክልሉም የጋራ ነው ይላል። ግን ከጅግጅጋ ቢሮ አልፎ ግመል የሚጠብቀው አርብቶ አደር ደጃፍ ካልደረሰ ወረቀት ነው። ውሉ በግልጽ ይታተም። ስንት ወጣ፣ ስንት ተሸጠ፣ ማን ስንት ወሰደ፤ በየዓመቱ ይነገረን። ምስጢር ለጦር ሜዳ ነው እንጂ ለጋዝ አይሆንም።

ወገኖቼ፣ ሁለት እግር ያለው ሰው ሁለት ዛፍ አይወጣ ይሆናል። ግን ወንዝ ሲሻገር አንዱን እግር ድንጋይ ላይ ተክሎ ነው ሌላውን የሚያነሳው። ጋዙ ያ ድንጋይ ይሁን። የምንረግጠው ለመሻገር ነው፤ ጎጆ ልንቀልስበት አይደለም። ማዶ ያለው ውኃው፣ ነፋሱ፣ ፀሐዩና እንፋሎቱ ነው።

መሻገራችንን በምን እናውቃለን? በሪባን አይደለም። እኔ የማውቀው እናቴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መነሳቷን ስትተው ነው። ያን ቀን ያንን የከሰል ማዳበሪያ ራሴ ተሸክሜ አወጣዋለሁ። እስከዚያ ግን መጠየቃችንን አንተው።