የፕላንክ ስምና የሳሪስ ሚዛን

(በሳሪስ አቦ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የፕላንክ ሕግ፣ የፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ የፕላንክ ርዝመት እያልን ስሙን እንሸመድዳለን። ሰውየውን ግን አናውቀውም። ማክስ ፕላንክ ፊዚክስ ሊማር ሲነሣ፣ መምህሩ ዮሊ በዚህ ትምህርት የቀረ አዲስ ነገር እምብዛም እንደሌለ ነገሩት። እርሱ ግን አልተመለሰም። በ1893 ዓ.ም. የጋለ አካል የሚሰጠውን ብርሃን ሲመረምር፣ ጉልበት እንደ ውሃ መፍሰሱን ትቶ እንደ ጤፍ በፍሬ በፍሬ ይሰፈራል ብሎ ቢያሰላ ከሙከራው ጋር ገጠመለት። የፍሬውን መጠን የሚወስነው ቁጥር ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ይህ ለእኛ ምን ይሆነናል አንበል። እዚህ ሳሪስ አንድ ኪሎ ሽንኩርት እናስመዝናለን። የኪሎ መሠረት ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ አጠገብ የተቀመጠ የፕላቲንየም ቅይጥ ነበር፤ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን የፕላንክ ቁጥር ነው። ብረት ይፋቃል፣ ይቆሽሻል፤ ቁጥሩ ግን ለፓሪስም ለሳሪስም አንድ ነው።

እንግዲህ ስሙን ብቻ ሸምድደን ፈተና ብናልፍ፣ ሳናስመዝን እንደ ገዛን እንቁጠረው። ሁሉ ተፈልጎ አልቋል የሚለን ሲመጣም ፕላንክን እናስብ፤ መጠየቃችንንም አንተው።