አሮጌውን የወታደር መኪና በሰላም ወደ ቤት ማድረስ

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለጉባኤ ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ስለ መኪና ነው። ከመካከላችሁ «ይህ የሾፌርና የመካኒክ ጉዳይ አይደለምን?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን መኪናው የሚገዛው በምእመናን መዋጮ ነው፤ የሚነዳውም የአንዳችን ልጅ ወይም ባል ነው፤ የሚጫነው ደግሞ የተቸገረ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው እህል ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ለምን እንደሚፈለግ በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ታውቃላችሁ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ እህል አሰብ ወደብ ደርሶ ሳለ የሚያነሣው የጭነት መኪና በማነሱ ተከማችቶ ይቆይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ለእርዳታ ሥራ እንደ እህሉ ራሱ አስፈላጊ መሆኑን ተምረናል። እስከ 1969 ዓ.ም. የአሜሪካን፥ ከዚያ በኋላ የሶቪየት ኅብረት የጦር መኪናዎች ወደ አገራችን ገብተዋል። ሕዝቡ «ኦራል» እያለ የሚጠራው ኡራልና ዚል 131 ስድስቱም ጎማቸው በሞተር ኃይል የሚዞር፥ ጭቃና አሸዋ በቀላሉ የማያቆማቸው ናቸው። አንድ ፕሮጀክት እንዲህ ያለ መኪና በጨረታ በርካሽ ሲያገኝ ደስ ቢለው አያስገርምም።

ሰዎች «የወታደር መኪና አይሞትም» ይላሉ። ነገሩን ግን ልብ እንበለው። ይህ መኪና በሠራዊቱ ውስጥ ሳለ የራሱ ጋራዥ፥ መካኒክና የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ነበረው። ሲጓዝም ከፊትና ከኋላው ሌሎች መኪናዎች ነበሩ። ብርታቱ የብረቱ ብቻ ሳይሆን የጠባቂዎቹም ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ብቻውን ይመጣል። ለዓመታት ሜዳ ላይ ቆሞ ከነበረ ደግሞ ጎማው ይሰነጠቃል፤ የፍሬን ቱቦዎቹ ይደርቃሉ፤ ነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ዝገት ይቀመጣል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲያጓራ ይህ ሁሉ አይታይም።

እንግዲህ መኪናው ከተገዛበት ግቢ ሳይወጣ የሚደረገውን እናስቀድም።

አንደኛ፥ ወረቀቱ ይሟላ። ሊብሬው፥ ታርጋው፥ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ሳይሟሉ መንገድ መውጣት ሕግን መተላለፍ ነው። የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። የወታደር ቀለሙም ተቀይሮ ይመዝገብ፤ እርዳታ የሚጭን መኪና ከሩቅ ሲታይ የጦር መኪና መምሰል አይገባውም፤ ለሾፌሩም አደጋ ነው።

ሁለተኛ፥ ፍሬን። በእነዚህ መኪናዎች ፍሬኑ የሚሠራው በታመቀ አየር ኃይል ነው። አየሩ ከሌለ ፍሬንም የለም። ስለዚህ ሞተሩ ተነሥቶ አየሩ እስኪሞላ ይጠበቅ፤ ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ፥ ፍሬኑ ተረግጦ፥ የአየር መለኪያው ይታይ። መርፌው ፈጥኖ የሚወርድ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ። በሳሙና ውኃ መገጣጠሚያዎቹን እያረጠቡ አረፋ የሚያወጣውን መፈለግ ነው። የእጅ ፍሬኑም ተዳፋት ላይ ይፈተን።

ሦስተኛ፥ ጎማ። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ይፈለግ። በኡራልና በዚል 131 ሾፌሩ ከጋቢና ሆኖ ጎማውን የሚነፋበት መሣሪያ አለ፤ አሮጌ ሲሆን ግን አየር የሚያባክነው እርሱ ሊሆን ይችላል። አንድ ጎማ ሲያፈስ ሌሎቹን ይዞ እንዳይጠፋ በየጎማው ላይ ያለው መዝጊያ ይዘጋ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ፤ የብዙዎቹ የወታደር መኪናዎች ቸርኬ ከአንድ በላይ ክፍል ያለው ነው። አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቸርኬውን የሚያያይዙትን ቡሎኖች የሚፈታ ሰው ሕይወቱን ያጣል። ይህን የሚያውቅ ጎሚስታ ብቻ ይንካው።

አራተኛ፥ ነዳጅና ውኃ። ታንከሩ ይታጠብ፤ ፊልትሮው ይለወጥ፤ ሌላ ፊልትሮም ይያዝ። ኡራል 375 በቤንዚን፥ ኡራል 4320 ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ ነው። ባለ ቤንዚኑ ለ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊጠጣ ይችላል። ገንዘብ ያዦች ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡት። በርካሽ የተገዛ መኪና በየወሩ የሚያስከፍል ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ፍሬኑ ካላስተማመነ መኪናው አይነዳ። በገመድም አይጎተት፤ ሞተሩ ሳይሠራ አየር አይሞላምና የሚጎተተው ይገፋል እንጂ አይቆምም። በሎቤድ ተጭኖ ይምጣ። የሎቤድ ኪራይ ውድ ነው፤ ከሰው ነፍስ ጋር ግን አይተካከልም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ለምሳሌ መኪናው አዳማ ተገዝቶ ወደ ሳሪስ የሚመጣ ቢሆን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ እዚህ እኛ ዘንድ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የአሮጌ ቤንዚን ሞተር ጉልበትም ይቀንሳል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ውኃ በ93 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ሾፌሩ አይቸኩል፤ ሞጆ፥ ቢሾፍቱና ዱከም ላይ ቆሞ ውኃ፥ ዘይትና ጎማ ይይ፤ የእያንዳንዱን ቸርኬ ሙቀት በእጁ ጀርባ ጠጋ አድርጎ ይመርምር። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ካለ ፍሬኑ ይዞ ሊሆን ይችላል። የጋለ ራዲያተር ግን አይከፈት።

ሌላ መኪና ከኋላ ይከተለው። ታኮ፥ ክሪክ፥ ገመድ፥ ውኃና የእሳት ማጥፊያ ይያዝ። ጉዞው በቀን ብርሃን ይሁን። በከተማችን ከባድ መኪና የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ስለሚወሰን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ሰዓቱ ካልደረሰ ገላን ላይ በጥበቃ ማሳደር ይሻላል። ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ተማሪው፥ ታክሲው፥ ጋሪው በአንድነት የሚተላለፍበት መንገድ ነውና ረዳቱ ዓይን ይሁነው። መዘምራኑም ሆኑ ወጣቶቹ መኪናውን ለመቀበል ቢመኙ ግቢው በር ላይ ይጠብቁት እንጂ ከኋላ አይጫኑ። ጭነትም በዚህ ጉዞ አይጫን።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። መኪናው ግቢ ሲደርስ እልል እንላለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እህል ጭኖ ወደ ወሎ ይሂድ የሚል አሳብም ይነሣል። ነገር ግን ከአዳማ እስከ እኛ ያለው መንገድ ይበልጡን ዳገት ነው። ዳገት የሞተር ፈተና ነው፤ የፍሬን ፈተና ቁልቁለት ነው። መኪናው በሰላም መድረሱ ሞተሩን አሳየን እንጂ ፍሬኑን አላሳየንም። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ የዓባይ በረሃም ከጎሐ ጽዮን ሲወረድ ረጅም ቁልቁለት ነው። በዚያ ቦታ ጭነት የያዘ መኪና ፍሬኑ ግሎ እንቢ ቢለው የሚመልሰው የለም። ስለዚህ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ከበሮዎቹ ተከፍተው፥ የፍሬን ሸራዎቹ ታይተው፥ ቱቦዎቹ ተለውጠው፥ በመጀመሪያ ባዶውን፥ ከዚያ በግማሽ ጭነት ይፈተን። ሾፌሩም ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሰው ይሁን።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ መካኒኩ «ገና ነው» ሲል፥ ሕዝቡም «እህሉ ይዘገያል» ሲል በመካከል የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። እህል የሚጠብቁትን ማሰባችሁ መልካም ነው። ገደል የገባ መኪና ግን ለማንም እህል አያደርስም፤ ሾፌሩንም ለልጆቹ አይመልስም። ሁለት ሳምንት በኪራይ መኪና እህሉን መላክ ይቻላል፤ በጀቱም ከመግዛታችን በፊት ይህን ይጨምር።

ጉዞ ስንጀምር ጸልየን እንነሣለን፤ መልካም ልማዳችን ነው። ከጸለይን በኋላ ግን ቡሎኑን እናጥብቅ። እግዚአብሔር የሰጠንን አእምሮና እጅ መጠቀም እምነት ማጣት አይደለም።

 ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ሾፌሮቻችንም እዚህ አሉና እነርሱን ደግሞ ስሙአቸው።