ጅብ ከሄደ የሚጮኸው የውሻ ሕጋችን

(በአንድ የሰፈር ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሹማምንቶቻችን ዘንድ እጅግ የተወደደች አንዲት አባባል አለች። «ውሾቹ ይጮሃሉ፣ ግመሎቹ ይጓዛሉ» ትላለች። አቤቱታ ያቀረበም፣ ጋዜጣ ላይ የጻፈም፣ ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣም በዚህች አባባል አፉን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ምሳሌው ውሻ አይደለም። ስለ እውነተኛው፣ አራት እግር ስላለው፣ ሌሊቱን ሲያላዝን አድሮ ማለዳ ተማሪ ልጆቻችንን መንገድ ስለሚያስቀይረው ውሻ ነው። ግመሎቹስ ይጓዙ። ልጆቻችን ግን የሚሄዱት በእግራቸው ነው!

«አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ ሳለ የውሻ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ አስተዳደር ትልቁን ነገር መቻሉ የሚታወቀው በትንሹ ነው። ስንት ውሻ በየትኛው ግቢ እንዳለ የማያውቅ መሥሪያ ቤት ስለ ስማርት ሲቲ ሲያወራን ዝም ብለን ማጨብጨብ ያለብን አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንወቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የታመመው ሰው ውኃ እያየ እየፈራ፣ እየተወራጨ፣ ቤተሰቡ እያየው ይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኛው የሚሞተው በእስያና በእኛው በአፍሪካ ነው። ከሰው በሽታው 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልብ በሉ! ይህ መድኃኒት ያልተገኘለት አዲስ ወረርሽኝ አይደለም። ሉዊ ፓስተር የተነከሰውን ልጅ ከትቦ ያዳነው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም ነበር።

እኛስ? እኛ ከበግ አንጎል በሚሠራ ክትባት ስንሠቃይ ኖረናል። የተነከሰ ሰው ለ14 ቀናት በተከታታይ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ከእናንተም ውስጥ የተወጋ ይኖራል፤ አይረሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር በ1984 እ.ኤ.አ. መክሯል። እኛ ግን ከዚያ በኋላም ከ30 ዓመት በላይ ቀጠልንበት። ዘመናዊው ክትባት በክንድ ላይ የሚሰጥ፣ ጥቂት መርፌ ብቻ የሚፈልግ ነው። ዋጋውና መገኛው ግን ለድሃ ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ ነው ብዙ ሰው ዛሬም መጀመሪያ ጸበል፣ ቀጥሎ የባህል መድኃኒት፣ መጨረሻ ላይ ሐኪም ቤት የሚሄደው። መጨረሻ ላይ መሄድ ደግሞ በዚህ በሽታ አለመሄድ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። «ሕግ የለም» ይባላል። ውሸት ነው፤ ሕግማ አለ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ጉዳቱ ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ባይታወቅ እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው»፣ «ሠራተኛዋ በር ከፍታ ነው»፣ «ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» የሚለው ሁሉ አያድንም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ሕግ ይምጣ?

ችግሩ ያለው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማስረዳቱ ላይ ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ። የአንዲት ጎረቤቴ የስምንት ዓመት ልጅ ከአንድ ግቢ በወጣ ውሻ ተነከሰ። ሰፈሩ ሁሉ ውሻውን ያውቀዋል፤ ማታ ማታ ከዚያ ግቢ ነው የሚጮኸው። የቤቱ ጌታ ግን «የእኔ አይደለም፣ ጉርሻ ለምዶ ነው የሚመጣው» አለና በሩን ዘጋ። ከሴትዮዋ ጋር አብሬ ወረዳ ሄድኩ። ወረዳው «እናቴ፣ ይሄ የጤና ጉዳይ ነው» አላት። ጤናው «ውሻ እንስሳ ስለሆነ ግብርና ይመለከተዋል» አለ። ግብርናው «እኛ ክትባት እንጂ ክስ አናውቅም፣ ደንብ ማስከበር ሂዱ» አለን። ደንብ ማስከበር ደግሞ «ባለቤቱን አምጡና እንቀጣለን» አለ። ባለቤቱን ለማምጣት ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው የምዝገባ መዝገብ ነው። መዝገቡስ? የለም! ዞረን ዞረን ወረዳው በር ላይ ተመለስን። ልጁ እንኳን በጊዜ ተከትቦ ተርፏል፤ የመድኃኒቱን ዕዳ የከፈለችው ግን እናቱ ናት።

ክቡራን፣ በዚህች ከተማ ውሻ እስኪነክስ ድረስ ባለቤት አለው። ሌሊት ቤት ሲጠብቅ ባለቤት አለው፤ ሌባ ሲያባርር ባለቤት አለው። ሰው የነከሰ ዕለት ግን ወዲያው «የመንደር ውሻ» ይሆናል። ቁጥር 2071 ተጽፎ የቀረው ለዚህ ነው። ውሻን ከሰው ስም ጋር የሚያያይዝ መዝገብ ከሌለ ሕጉ የሚይዘው ሰው የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ደንብ አስከባሪ የለም እንዳንል አለ። ጉልት ዘርግታ ሽንኩርት የምትሸጠውን እናት ለማባረር ከንጋት ጀምሮ አለ። የጀበና ቡና በርጩማ ለመውሰድ አለ። በር ከፍቶ ውሻ የሚለቀውን ባለ ግቢ ለመጠየቅ ሲሆን ግን የሥራ ድርሻው ውስጥ አይገባም። ደንብ የሚከበረው በደካማ ላይ ብቻ ከሆነ ደንብ መባሉ ቀርቶ ሌላ ስም ይውጣለት።

መዝገብ በሌለበት አስተዳደር የሚቀረው ዘዴ አንድ ነው፤ መርዝ። የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ሰው ሲነከስና ጩኸት ሲበዛ፣ ሌሊት መርዝ ያለበት ሥጋ ይበተናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መርዙ ስትሪክኒን ይባላል። ውሻው ነፍሱን እያወቀ ጡንቻው እየተኮማተረ፣ ትንፋሽ አጥቶ ይሞታል። ጠዋት ልጆች ሬሳ እየዘለሉ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም ሊሞት ይችላል።

«ጭካኔም ቢሆን ሰው ያድናል» ለሚሉ መልሱ አያድንም ነው። ለምን? አንደኛ፣ ውሻን መንገድ ላይ ያቆየው ምግብ ነው፤ የሥጋ ቤት አጥንት፣ ያልተነሳ ቆሻሻ፣ ክፍት ገንዳ። ምግቡ እስካለ ድረስ የሞተውን ውሻ ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣውና አዲስ የተወለደው ይይዘዋል። ሁለተኛ፣ መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። በገንዘብና በድካም የተከተበ ውሻ ሲሞት በሽታውን የሚያግድ አጥር ነው የሚፈርሰው። በቀደደው ቀዳዳ የሚገባው ደግሞ ያልተከተበው ነው። ሦስተኛ፣ ውሻውን የሚወድ ሰው ዘመቻ ሲሰማ ውሻውን ይዞ ዘመድ ቤት ይሸሻል፤ በሽታውም አብሮ ይጓዛል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ውሻ መግደል ብቻውን የውሻን ብዛትም ሆነ የበሽታውን ሥርጭት ለመቀነሱ ማስረጃ እንደሌለ በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ በምትባል ደሴት በሽታው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲገባ ባለሥልጣኖቹ ውሻ በጅምላ ፈጁ፤ በሽታው ግን ደሴቲቱን አለቀቀም። በተቃራኒው ሜክሲኮ ለዓመታት በየከተማውና በየገጠሩ ውሻ በነፃ ከተበች። በ2019 እ.ኤ.አ. በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው በሽታ በማጥፋት በዓለም ጤና ድርጅት የተመሰከረላት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ሜክሲኮ ሀብታም ስለሆነች አይደለም። ሥራውን በየዓመቱ ሳታቋርጥ ስለሠራች ነው። ሒሳቡም የታወቀ ነው፤ ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

«እኛ አገር አይቻልም» የሚል ካለ ባሌ ተራራ ድረስ ልውሰደው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከውሻ በተጋባበት በዚሁ በሽታ ተደጋግሞ አልቋል። በ2003 እ.ኤ.አ. በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹ ሞቱ። ያን ጊዜ ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በብርድ፣ የዱር ቀበሮ እያጠመዱ ከተቡ፤ በአካባቢው ያለውንም ውሻ ከተቡ። በሽታው ወደ ሌላው ሸለቆ ሳይዛመት ተገታ። እንግዲህ የዱር ቀበሮ በተራራ ላይ ከተከተበ፣ ጅራቱን እየቆላ የሚመጣ ውሻ ጉለሌና ቂርቆስ ውስጥ መከተብ እንዴት ያቅታል?

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሰፈር ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ኮንዶሚኒየም ይሄዳል። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ ይዞ መኖር ስለማይመች ውሻው ከፍርስራሹ ላይ ይቀራል። ጌታውን እየጠበቀ ሰንብቶ፣ ሲርበው መንጋ ይቀላቀላል። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሰፈር እንዳነሳ ታውቃላችሁ። ለተነሺው ስለ ቤቱ ሲነገረው ስለ ውሻው የጠየቀ ሹም ግን እኔ አላጋጠመኝም። መንጋው ከሰማይ አልወረደም፤ በእቅድ ጉድለት የተፈጠረ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቅጣት ብቻ አምጡ አልልም። ዘበኛ መቅጠር ለማይችል ድሃ ውሻ ዘበኛው ነው። ነገ ተነስተው «ያላስመዘገበ ይህን ያህል ሺህ ብር ይቀጣል» ቢሉ፣ ሰው ውሻውን አውጥቶ ይጥላል እንጂ አያስመዘግብም። የመንገዱ ውሻ ይበዛል፤ ቅጣቱም የአንዳንዱ ኪስ ማደለቢያ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ ክትባቱ በነፃ፣ በየዓመቱ፣ በየሰፈሩ ይሰጥ። የተከተበ ውሻ እዚያው ይመዝገብ፤ ባንገቱ ላይ ምልክት ይታሰርለት። ሰው ለመቀጣት አይመዘገብም፤ ለመጠቀም ግን ይሰለፋል። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ አንድ በር ይኑረው። የተነከሰ ሰው የሚሄድበት፣ ውሻው ተይዞ 10 ቀን የሚታይበት፣ ባለቤቱ የሚጠራበት አንድ መሥሪያ ቤት በስም ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ቆሻሻው ይነሳ፤ ሥጋ ቤቶች አጥንት መንገድ ላይ መጣላቸውን ያቁሙ። አራተኛ፣ መርዙ ይቁም፤ በምትኩ መንገድ ላይ ያለው ይከተብ፣ ይምከን። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ በሩን ከፍቶ የለቀቀ ይቀጣ፤ ያን ጊዜ ቅጣቱ ፍትሕ ይሆናል።

እስከዚያ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ጭረትም ቢሆን አይናቅ። ከዚያ ምስክር ይያዝ፣ የሕክምና ወረቀት ይቀመጥ። በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሲጉላላ የከረመ መብቱን ያጣል። የአስተዳደር ሰዎች በሥራቸው ላይ ባጠፉት ጥፋት ሰው ቢጎዳም፣ ለምሳሌ የተበተነውን መርዝ ልጅ ቢያነሳው፣ ቁጥር 2126 መንግሥትን መጠየቅ እንደሚቻል ይናገራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ እንዲያውቅም የሚፈለግ አይመስልም።

ዓለም በውሻ ንክሻ የሚመጣውን ሞት በ2030 እ.ኤ.አ. ዜሮ ለማድረግ ግብ ይዟል። ያ ቀን እሩቅ አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ወረዳችሁ ሂዱና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። በዚህ ወረዳ ስንት ውሻ አለ? ባለፈው ዓመት ስንቱ ተከተበ? ሰው ቢነከስ ኃላፊው ማን ነው? መልስ ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ዝም የሚል ነዋሪ ካለ፣ መልስ የሚሰጥ ሹም አይኖርም።