አንድ ሞጁል ሰርቨሩን ስለ ማቆሙ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ያለፈው የፈተና ውጤት በወጣበት ሌሊት ድረ ገጹ ቆሞ ብዙዎቻችሁ ሳትተኙ እንዳደራችሁ አልረሳሁትም። በማግሥቱ «መሣሪያው ደክሟልና ሌላ ትልቅ ይገዛልን» ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኔው እንደ ነበረ ልናዘዝ ቆሜአለሁ፤ ሞጁሉን የጻፍሁት እኔ ነኝና።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቼ የተባለው ሰርቨር በቀድሞ አሠራሩ ለእያንዳንዱ ጠያቂ አንድ ፕሮሰስ ይመድብ ነበር። በምግብ ቤት ለአንድ እንግዳ አንድ አሳላፊ ተመድቦ፥ በልቶ እስኪነሣ አጠገቡ ይቆማል እንደ ማለት ነው። እንግዳው ሺህ ሲሆን ሺህ አሳላፊ ከየት ይመጣል? ኢጎር ሲሶዬቭ የተባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ኤንጂን ኤክስ ግን በጥቂት አሳላፊዎች ይሠራል። አንዱ አሳላፊ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየተዘዋወረ የደረሰውን ያቀርባል፤ ያልደረሰውን «እመለስበታለሁ» ብሎ ያልፋል። በዚህ ዘዴ አንድ ፕሮሰስ ብቻውን በሺህ የሚቈጠሩ ግንኙነቶችን ይይዛል። (አፓቼም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 2.4 ዕትሙ ወዲህ ወደዚሁ አሠራር ተጠግቷል።)

ታዲያ አሳላፊው ትእዛዝ ተቀብሎ ራሱ ወፍጮ ቤት ሄዶ ወረፋ ቢይዝስ? በእርሱ እጅ ያሉት ጠረጴዛዎች ሁሉ ጦማቸውን ያድራሉ። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሞጁሌ የተማሪውን ውጤት ከዳታቤዝ ጠይቆ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። የሰርቨሩ ሠራተኛ ፕሮሰሶች አራት ናቸው፤ ስለዚህ አራት ዘገምተኛ ጥያቄዎች ባራቱ ላይ ከወደቁ ቤቱ በሙሉ ተዘጋ ማለት ነው። በኋላ ስንለካው ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተገኘ። ለካስ ልንገዛ ያሰብነው ትልቅ መሣሪያ ከዚህ የባሰ ሥራ ሊፈታ ኖሯል!

አሁን ሞጁሉ ጥያቄውን ልኮ ወዲያው ለሰርቨሩ «ገና ነው» የሚል ምልክት ይመልሳል። መልሱ ሲደርስ ሰርቨሩ ይጠራውና ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። ለመጻፍ ግን ከፊተኛው እጅግ አድካሚ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ይነበብ የነበረው ፕሮግራም ብዙ ቦታ ተቈራርጧል፥ በየቍራጩም መካከል ምን እንደ ተያዘ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሰርቨሩ እስከ ነጭራሹ ወድቆብኛል።

ሞጁሉን እስካሁን የሞከርሁት ብቻዬን ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ውጤት ከመውጣቱ አስቀድሞ፥ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ገጹን እንድትከፍቱልኝ እለምናለሁ።